«እሺ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ልጆቼ፣

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ በሕክምና አስተርጓሚነት 26 ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን የምጽፈው ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ለምትቀርቡ፣ በሁለት ቋንቋ መካከል ለምትጨነቁ ነው።

ሥራውን ስጀምር ቃል ለቃል ማስተርጎም ታማኝነት ይመስለኝ ነበር። አንዲት እናት «ሆድ ብሶኛል» አሉ። እኔ ሆዳቸውን እንዳመማቸው አድርጌ ተናገርኩ። ሐኪሟ ስለ ምግብና ስለ ማስታወክ ትጠይቃቸው ጀመር። እኚህ እናት ግን ልጃቸውን የቀበሩ ሐዘንተኛ ነበሩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አማርኛችን ሐዘኑንም ምስጢሩንም ቂሙንም የሚያኖረው ሆድ ውስጥ ነው። ይህን ካላስረዳችሁ ቃሉ ይሻገራል፣ ሰውየው ወዲያ ማዶ ይቀራል።

ሰዓት ላይም ተጠንቀቁ። ሐኪሙ «ጠዋት በ8 ሰዓት» ሲል እኛ ጋ 2 ሰዓት ነው። ዝም ብላችሁ «በ8 ሰዓት ይዋጡት» ካላችሁ፣ አባታችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማለትም 6 ሰዓት ዘግይተው ሊውጡት ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ ግን «እሺ» የምትለዋን ቃል ልብ በሏት። ለተማረ ሰው «አልገባኝም» ማለት ነውር ይመስለናል። ይሉኝታ ይይዘናል። አንገታችንን ደፍተን «እሺ» እንላለን። በአክብሮት ሰማሁ ማለታችን ነው። ሐኪሙ ግን ተስማሙ፣ ያደርጉታል ብሎ ይወስደዋል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ሲያገኘው ምክር የማይሰሙ በሽተኛ ናቸው ብሎ ይደመድማል። እንዲህ ሲሆን ስንቴ አይቻለሁ! ስለዚህ «ገብቶዎታል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ያው «እሺ» ነው። «እስቲ ቤት ሲገቡ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» በሉ። ያልገባው ነገር ያኔ ይወጣል።

ከባድ ዜና ሲሆን ደግሞ እናንተ አታስተርጉሙ። በዲሲ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አለ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባሉ፤ አማርኛም አለበት። ሆስፒታልም ስትሄዱ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አትፈሩ። እኛ ዘንድ መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እዚህ ሐኪሙ ለበሽተኛው ፊት ለፊት ይናገራል። መሐል ላይ ያለ ልጅ እውነቱን ያለሰልሳል፤ እናቱ ናታ! ወይ ደግሞ ሁሉንም ተናግሮ ዕድሜ ልኩን ይከብደዋል።

ቀድማችሁ እናታችሁን ማን አጠገባቸው እንዲሆን እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው። ከዚያ ለሐኪሙ ንገሩት። ምክንያቱ ሲገባቸው ወጥተው ወንበር ይዘው የተመለሱ ሐኪሞች አይቻለሁ።