የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አመድ፣ አጥንትና የፋብሪካ ተረፈ ምርት ለጓሮ አትክልት

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ በጓሮዬ ቆስጣና ሰላጣ አለማለሁ። ማዳበሪያ በትንሽ መጠን የሚሸጥልኝ ስላጣሁ የከሰል አመድ ስነሰንስ ከረምኩ፤ ቅጠሉ ግን ቢጫ እየሆነ ነው። አመዱ አንሶት ይሆን? የአጥንት ዱቄትስ ልጨምርበት?

መልስ፦ አንሶት ሳይሆን በዝቶበት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ቢጫ የሆነው የትኛው ቅጠል እንደሆነ ይመልከቱ። ከሥር ያለው አሮጌ ቅጠል ሙሉ ለሙሉ ቢጫ ከሆነ የናይትሮጅን እጥረት ነው። ናይትሮጅን እሳት ላይ በኖ ስለሚያልቅ አመድ ውስጥ አያገኙትም። ከላይ ያለው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ግን ተክሉ ብረት አጥቷል። ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ፒኤቹ (የአፈር ኮምጣጣነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል) ከፍ ሲል ሥሩ ሊስበው አይችልም።

አመድ የሚሰጠው በዋናነት ካልሲየምና ፖታሲየም ነው፤ ሥራው ወደ ኖራ ያደላል፤ የአፈሩን ኮምጣጣነት ያበርዳል። ኮምጣጣ ቀይ አፈር ላይ ይጠቅማል። የመሀል ከተማ ጓሮ ግን ብዙ ጊዜ የፈረሰ ቤት ሲሚንቶና ልስን የተቀላቀለበት ነው፤ እንዲህ ያለው አፈር ተጨማሪ ኖራ አያስፈልገውም። ከ10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አንድ ጭብጥ አፈር አውጥተው ያድርቁና ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት። ችስ ብሎ አረፋ ካወጣ አመዱን ያቁሙ። ዝም ካለ ኮምጣጣ ነው ማለት አይደለም፤ ያን የሚነግርዎ የፒኤች ምርመራ ነው። ኮምጣጣ ሆኖ ከተገኘም በካሬ ሜትር በዓመት ከ100 ግራም አይለፉ፤ የተነፋ አመድ ሁለት የቡና ሲኒ ይበቃል። ፌስታል ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት የተቃጠለበት አመድ አይሆንም። ከዩሪያ ወይም ከትኩስ ፍግ ጋርም አይቀላቅሉት፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው አሞኒያ የከፈሉበት ናይትሮጅን ሲበን ነው።

አጥንት ፎስፈረስ ይሰጣል፤ ቀስ ብሎ፣ ያውም ኮምጣጣ አፈር ላይ። ስለዚህ አመድና አጥንት አንድ መደብ ላይ መጨመር ትርፉ ድካም ነው፤ አመዱ የአጥንቱን መሟሟት ይገታዋል። አጥንቱ ቄራ ተመርምሮ ከታረደ ከብት ይሁን፤ የአባ ሰንጋን ተህዋስ ተራ ቅቀላ አያጠፋውም። ስቡ እስኪለቅ ቀቅለው ያድርቁ (ስብ የቀረበትን ውሻና አይጥ ቆፍረው ያወጡታል)፣ ሲመቱት እስኪንኮታኮት ፍም ላይ ያቆዩት፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው በሙቀጫ ይውቀጡና ይንፉት። በሚተክሉ ጊዜ በካሬ ሜትር 100 ግራም ያህል ከአፈሩ ጋር ያዋህዱ።

ለናይትሮጅን የጠላ አተላ ወይም ከካፌ የሚጣል የቡና አተላ ይሰብስቡ። በቀጥታ ሳይሆን በኮምፖስት ነው፤ የቡናው ድርሻ ከክምሩ አንድ አምስተኛ አይብለጥ። የጠላው አተላ ካልተሸፈነ ዝንብ ይጠራል፤ ደረቅ ቅጠል ያልብሱት።

ጥያቄ፦ ከግንባታ የተረፈ ጄሶ አለኝ። ለአፈር ይሆናል?

መልስ፦ ንጹሕ ከሆነ አዎ። ካልሲየምና ሰልፈር ይሰጣል፤ የአፈሩን ኮምጣጣነት ግን አያበርድም። ከግድግዳ የተፋቀ፣ ቀለም ወይም ሲሚንቶ የነካው ከሆነ ይጣል።

ጥያቄ፦ የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭና የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርትስ? (ከልደታ)

መልስ፦ የቆዳው በፍጹም አይሆንም፤ ለማልፊያ የሚገባው ክሮሚየም የተባለ ከባድ ብረት አፈር ውስጥ ይቀራል። ከሸንኮራ ጭማቂ ማጣሪያ የሚወጣው ዝቃጭ ግን ፎስፈረስና ካልሲየም አለው፤ በኮምፖስት ከበሰለ ጥሩ ነው። ችግሩ አብዛኛው ክብደቱ ውሃ መሆኑ ነው፤ ከወንጂ አዲስ አበባ ድረስ ቢጫን የሚከፍሉት ለውሃ ማጓጓዣ ነው።