«ወናፍ ብቻ ያስነፋኛል»

«ጋሼ፣ የምንኖረው ባሕር ዳር አጠገብ ነው። አባቴ ቀጥቃጭ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት አልመጣልኝም። ኮሌጅ ገብቼ ብረታ ብረት ልማር ወይስ ከአባቴ ጋር ልቀጥል? እሱ እንደሆነ አያስረዳኝም፣ ወናፍ ብቻ ያስነፋኛል። ጓደኞቼም በሙያችን ያሾፉብኛል።»

ወንድሜ፣ «ወናፍ ብቻ» ባልካት ነገር አልስማማም። ወናፍ የሚነፋ ልጅ ዓይኑ እሳቱ ላይ ነው። ብረቱ መጀመሪያ ደብዘዝ ያለ ቀይ ይሆናል፣ ቀጥሎ ብርቱካንማ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ነጭ ሆኖ ብልጭታ መርጨት ከጀመረ ተቃጠለ፣ አለቀለት። አባትህ በየትኛው ቀለም ላይ በጉጠት እንደሚያወጣው ካንተ የተሻለ የሚያይ የለም። መዶሻው በኋላ ይመጣል። ስለቱን ማጠንከር ደግሞ ከሁሉም መጨረሻ ነው።

ኮሌጁ የሚጨምርልህ ምክንያቱን ነው። የድሮ መኪና ባሌስትራ ማጭድ ሲሆን ስለት ይይዛል። ተራ የቤት ፌሮ ግን አግለህ ውሃ ውስጥ ብትነክረውም እምብዛም አይጠነክርም፣ የሚያጠነክረው ካርቦኑ ትንሽ ነዋ። ብረት 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ማግኔት አይስበውም። አባትህ ያንን ሙቀት ያለ ማግኔት፣ በዓይኑ ብቻ ይለየዋል። (ለዚህም ነው እሳቱ ጥላ ውስጥ የሚሆነው፤ ፀሐይ ላይ ቀለሙ ያታልላል።)

ስለዚህ ግባ። ባሕር ዳር ለዚህ ትምህርት አዲስ አይደለችም፤ የድሮው ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየቶች እርዳታ ሲከፈት ብረታ ብረት አንዱ ዘርፍ ነበር። ብየዳ፣ ቶርኖ፣ ንድፍ ማንበብ ኮሌጁ ውስጥ ተማር። ሲኦሲውንም (የሙያ ብቃት ምዘናውን) ተፈትነህ ወረቀቱን ያዝ፣ ቀጣሪ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው። ግን ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ገበሬው ማረሻ ሊያሾል ሲመጣ፣ ቤት ተገኝ። በዚያ ሰሞን የምትቀጠቅጠውን ያህል ብረት ኮሌጁ አይሰጥህም።

ስድቡን በምክር አላጠፋልህም። አፄ ምኒልክ እንኳ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። ይኸው እስከዛሬ አፍ አልተዘጋም።

አባትህ አያስረዳም ላልከው፣ ሰዓቱን ምረጥ። ማታ እሳት ዳር ብትጠይቀው «እንዲሁ ነዋ» ብሎህ ያልፋል። ብረቱን ሲያወጣ፣ ገና መስፉ ላይ ሳያሳርፈው፣ «ለምን አሁን አወጣኸው?» በለው።