ኒያንደርታል የረዐይት ዘር ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምኖረው ጀርመን፣ ዱሰልዶርፍ አካባቢ ነው። የ11 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤቱ ጋር የኒያንደርታል (ድሮ ኖሮ የጠፋ የሰው ዓይነት) ሙዚየም ሄዶ ነበር። ሱፍ ለብሶ ከቆመ የኒያንደርታል ምስል ጋር የተነሣውን ፎቶ አሳየኝና "እማዬ፣ ይሄም የአዳም ልጅ ነው?" አለኝ። ደነገጥኩ። አንድ ስብከት ላይ "ኒያንደርታሎች ከወደቁ መላእክት የተወለዱ ረዐይት (ግዙፋን) ናቸው፣ በጥፋት ውኃ ያለቁት እነሱ ናቸው" ሲባል ሰምቼ ስለነበር እሱኑ ነገርኩት። ልጁ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ይህንኑ ተናገረ። አስተማሪው ደግሞ "የእነሱ ዘር በአንተም ውስጥ ትንሽ አለ" ብሎ መለሰለት። አሁን ማታ ማታ "እኔ የሰይጣን ልጅ ነኝ እንዴ?" እያለ ያለቅሳል። ምን ልበለው? ይህን ትምህርት መማሩስ በደል ይሆንበታል?
ወለተ ማርያም ነኝ

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ማርያም፣ መጀመሪያ ልጁ። ዛሬ ማታ ከመተኛቱ በፊት አጠገብሽ አስቀምጪውና "አንተ በአርባ ቀንህ ተጠምቀህ የእግዚአብሔር ልጅ ሆነሃል። ያን ቀን የነገርኩህ ስሕተት ነው" በይው። እናት ለልጇ "ተሳስቻለሁ" ብትል ክብሯ አይቀንስም። ልጁ ግን ተረጋግቶ ይተኛል።

ጥፋቱ ደግሞ ያንቺ ብቻ አይደለም። ይህን የረዐይት ነገር ስንት ጊዜ እንደተጠየቅሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ጉባኤ ሲያልቅ ወጣቶች ስልካቸውን ይዘው ይጠብቁኛል። ቪዲዮው ላይ ትልቅ የራስ ቅል አለ። የሚያስፈራ ሙዚቃ አለ። ከዚያ ዘፍጥረት 6 ይነበባል። "መምህር፣ ይኸው ሳይንስ መጽሐፍ ቅዱስን አረጋገጠ!" ይሉኛል ደስ ብሏቸው። እኔ ግን እሰጋለሁ። ዛሬ በአንድ አጥንት የቆመ እምነት ነገ በሌላ አጥንት ይወድቃል።

እስቲ ራሱን መጽሐፉን እንየው። ዘፍጥረት 6፥4 "የእግዚአብሔር ልጆች" ከሰው ሴቶች ልጆች ወለዱ ይላል። የእኛ ሊቃውንት ሲያመሠጥሩት እነዚህ ደቂቀ ሴት፣ የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች ናቸው ይላሉ። በደብር ቅዱስ በንጽሕና ይኖሩ ነበር፤ ከቅድስናቸው የተነሣ መላእክት ተባሉ። ኋላ ወደ ቃየል ልጆች ወርደው ወደቁ። መላእክትማ ሥጋ የላቸውም፤ አያገቡም፣ አይወልዱም። ስለዚህ "የወደቁ መላእክት ዘር" የሚለው ወሬ ኒያንደርታል ጋ ሳይደርስ እዚያው ዘፍጥረት ላይ ይፈርሳል።

ቁመቱንም ተመልከቺ። መጽሐፈ ሄኖክ የረዐይትን ቁመት በሺህ ክንድ ይቆጥራል። የኒያንደርታል ወንድ ቁመት ግን በአማካይ 1 ሜትር ከ65 ገደማ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ አጥንቱ ወፍራም፣ ክንዱና ቅልጥሙ አጠር ያለ። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ አጠገባችን ቢቀመጥ አናቱ ጣሪያ አይነካም። ረዐይት ያልነው ይህንን ሰው ነው!

አውደ ምሕረት ላይ የምንቆም ሁሉ ይህን እንስማ። ያልተማርነውን አንስበክ። አንዲት እናት የሰማችውን ይዛ ቤቷ ትገባለች። ከዚያ አንድ ልጅ ማታ ማታ ያለቅሳል።

ታዲያ እነማን ነበሩ? ስማቸው የመጣው ልጅሽ ከሄደበት ሸለቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 የኖራ ድንጋይ የሚፈልጡ ሠራተኞች አንድ ዋሻ ሲጠርጉ አጥንት አገኙ። የድብ መሰላቸው። ዮሐን ካርል ፉልሮት የሚባል የአካባቢው አስተማሪ ግን አይቶ የሰው ዓይነት መሆኑን ለየ። ሸለቆው ራሱ የተሰየመው በ17ኛው መቶ ዘመን በኖረ ዮአኪም ኒያንደር በሚባል ሰባኪና የመዝሙር ደራሲ ነው። "ኒያንደር" በግሪክኛ "አዲስ ሰው" ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ስለ አዲሱ ሰው የጻፈው ትዝ አለኝ።

አጥንታቸው ከምዕራብ አውሮፓ እስከ ሳይቤሪያ አልታይ ተራሮች ድረስ ተገኝቷል። አፍሪካ ውስጥ አልተገኘም። ድንቅነሽን ኒያንደርታል የሚል ሰውም አጋጥሞኛል። እሷ በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘች፣ ተመራማሪዎች 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚሰጧት ሌላ ፍጥረት ናት። ኒያንደርታሎች ግን የጠፉት ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው ይላሉ።

ኑሯቸው ከባድ ነበር። የሚኖሩበት አገር ብዙ ዘመን ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። እሳት ያነዳሉ። አጋዘን፣ የዱር ፈረስና ጎሽ ያድናሉ። ቆዳ ይፍቃሉ። የበርች ዛፍ ልጥ በእሳት አግለው እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር ማጣበቂያ ያወጡ ነበር፤ በዚያ ስለታም ድንጋይ ከእንጨት እጀታ ጋር ያያይዛሉ። ጥርሳቸው ላይ ተጋግሮ በቀረው ነገር ውስጥ በእሳት የበሰለ ተክል ቅሪት ተገኝቷል። ሙታናቸውንም የቀበሩበት ጊዜ አለ።

ከተቀበሩት አንዱ በ1908 ፈረንሳይ ውስጥ ላ ሻፔል ኦ ሳን በሚባል መንደር ተገኘ። ያገኙት ሦስት ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱ ካህናት ነበሩ። በጉድጓድ የተቀበረ አረጋዊ ነው። አብዛኞቹ የመንጋጋ ጥርሶቹ ወልቀው፣ ቦታው ሞልቶ ድኗል። ጥርስ ካጣ በኋላ ረጅም ጊዜ ኖሯል ማለት ነው። አጥንቱ ወደ ፓሪስ ሄደና ማርሴለን ቡል የሚባል ዝነኛ ሊቅ መረመረው። ጉልበቱ የታጠፈ፣ አንገቱ የተቀለሰ፣ ግማሽ አውሬ አድርጎ ለዓለም ገለጸው። ብዙ ዘመን ሥዕሉ በዚያ ሲሣል ኖረ። በ1957 ሌሎች ሊቃውንት አጥንቱን ዳግም ሲያዩት የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሽማግሌ ሆኖ አገኙት። ጤነኞቹ እንደ እኛው ቀጥ ብለው ይሄዱ ነበር።

አየሽ? እነሱ የታመመውን ሽማግሌ አውሬ አደረጉት። እኛ ደግሞ ጋኔን አደረግነው።

አሁን ለልጅሽ እንድትነግሪው የምፈልገውን ሰው ላምጣው። በሰሜን ኢራቅ ሻኒዳር የሚባል ዋሻ አለ። በ1950ዎቹ ራልፍ ሶለኪ የሚባል አሜሪካዊ ቆፍሮ የብዙ ኒያንደርታሎች አጥንት አገኘ። አንደኛው ወንድ ነው። በወጣትነቱ ከባድ አደጋ ደርሶበታል። ግራ ዓይኑ ያለበት አጥንት ተሰባብሯል፤ በዚያ ዓይኑ ማየቱ ያጠራጥራል። ቀኝ ክንዱ ሰልሎ ቀጥኗል፤ ከክርኑ በታች ጭራሽ የለም። ያነክሳል። የጆሮው ቀዳዳ በአጥንት ተደፍኗል፣ መስማትም ይቸግረው ነበር። ቁስሎቹ ግን ድነዋል። ከአደጋው በኋላ ብዙ ዓመት ኖሮ፣ በዚያ ዘመን እንደ እርጅና በሚቆጠር ዕድሜ ነው የሞተው።

እስቲ አስቢው። አንድ እጅ፣ አንድ ዓይን፣ አንካሳ እግር። ሱቅ የለም፣ ሐኪም ቤት የለም። ውጭ አውሬ አለ። ይህ ሰው ብቻውን አንድ ክረምት አይወጣም። አንድ ሰው ሥጋ ቆርሶ ሰጥቶታል። አንድ ሰው ሲሰደዱ ቆሞ ጠብቆታል። "እዚህ እንተወው" የሚል ቢኖር እንኳ "አይሆንም" ያለ ሰው ነበር።

በዐቢይ ጾም የመፃጉዕ ዕለት የምንሰማውን ወንጌል ታውቂዋለሽ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ የተኛው ሰው ጌታን "ሰው የለኝም" ነው ያለው (ዮሐ. 5፥7)። ቤተ ሳይዳ በሰው ተጨናንቃ ነበር። መቅደሱ ቅርብ ነበር፤ ሕጉን የሚያውቁ ሞልተዋል። እሱ ግን ሰው የለውም። የሻኒዳሩ ሰው ሰው ነበረው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እሑድ ቅዳሴ ስወጣ በደጀ ሰላም የተቀመጡትን ቀና ብዬ ማየት ይከብደኛል። በአጠገባቸው ነጠላችንን ሰብስበን እናልፋለን። ከዚያ ቤት ገብተን ስለ ረዐይት ቪዲዮ እናያለን።

ወደ ደሙ ነገር ልምጣ፤ ልጁን ያስለቀሰው እሱ ነውና። አስተማሪው አልዋሸም። ስቫንቴ ፔቦ የሚባል ስዊድናዊ ተመራማሪ ከቡድኑ ጋር ከአሮጌ አጥንት ዲኤንኤ አውጥቶ በ2010 አሳተመ፤ በ2022 ኖቤል ተሸለመበት። ዛሬ ከአፍሪካ ውጭ ዘሩ ያለ ሰው ከዲኤንኤው 1 ወይም 2 በመቶ ገደማ ከኒያንደርታል የመጣ ነው። የእኛ ወገኖች ከዚያ ያነሰ ይኖረናል። ጥንት ከእስያ ወደ እኛ አገር ተመልሰው የገቡ ሰዎች ይዘውት መጥተዋል። መደባለቁ የሆነው ከ50,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው ይላሉ።

ይህ ምን ያስፈራል? ተጋብተው ወልደዋል ማለት ነው። ሕፃን ተወለደ፣ እናቱ አዘለችው፣ አደገ፣ እሱም ወለደ። ጋኔን ከዚህ ውስጥ የቱ ጋ አለ? "የሰውንም ወገኖች ሁሉ ከአንድ ፈጠረ" ይላል መጽሐፍ (ሐዋ. 17፥26)። "የአዳም ልጅ ነው?" ላለሽ ግን በግልጽ ልመልስ። ዘራቸው ከእኛ ዘር ተዋልዶ እዚህ ከደረሰ፣ ከአዳም ቤት ላስወጣቸው አልደፍርም። ይህ የእኔ አስተያየት ነው። የቤተ ክርስቲያን ድንጋጌ አድርገሽ እንዳትይዢው።

"ከአዳም እስከ ክርስቶስ አምስት ሺህ አምስት መቶ ዘመን የምንለውስ?" እንደምትይ አውቃለሁ። እኔ ያንን ቁጥር ይዤ ወደ ላቦራቶሪ ለክርክር አልሄድም። ለአዳም "በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ" ተብሎ የተሰጠው ተስፋ መቁጠሪያ ነው፤ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ይቆጠራል። የድንጋይ ዕድሜ የሚለካበት አይደለም። አባቶች ሲቆጥሩት መድኃኒቱን እየጠበቁ ነበር። እኔም እንደዚያው እቆጥረዋለሁ። የቀረውን "ምሥጢሩ ለአምላካችን ለእግዚአብሔር ነው" (ዘዳ. 29፥29) ብዬ እተወዋለሁ።

ልጁ ይማር። በደል የለበትም፣ ለዚህ ብሎ ንስሐ አይገባም። ፈተና ላይ ያስተማሩትን ይጻፍ። ሰው ነፍስ የለውም፣ ፈጣሪም የለም የሚል ከመጣ እዚያ ላይ "ይህን አላምንም" ይበል፤ በትሕትና ይበለው። አጥንት የሚቆፍር ሁሉ ግን ከሃዲ አይደለም። ቅድም ያነሣሁልሽ ሁለቱ ካህናት አካፋ ይዘው ነው ያን ሽማግሌ ያገኙት።

ሙዚየሙ ቅርባችሁ ስለሆነ አንድ ቅዳሜ አብራችሁ ሂዱ። ልጁ ይምራሽ፣ ያየውን እሱ ያሳይሽ። በባቡር ስትመለሱ ደግሞ የሻኒዳሩን ሰው አንቺ ንገሪው። የሚጠይቀው ካለ በራሱ እጅ ይጻፍልኝ። አማርኛው ካስቸገረው በጀርመንኛ ይጻፍ፤ የሚተረጉምልኝ አላጣም።