ዕብራይስጡ ለወንድምሽ ነው

«ከሐሮማያ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ማስተርሴን እስራኤል መማር እፈልጋለሁ። አሽዶድ የምትኖረው የአጎቴ ሚስት ያለ ዕብራይስጥ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም ትለኛለች። እሷ በዘመቻ ሰለሞን ገብታ፣ ኡልፓን በሚባለው የዕብራይስጥ ማስተማሪያ ተምራ፣ ነርስ የሆነች ናት። አዲስ አበባ ያለ አንድ የቋንቋ ማሠልጠኛ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ሁለት ሁለት ሰዓት ተምረሽ፣ በ3 ወር ሁሉም የእስራኤል ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉት ሰርተፍኬት እንሰጥሻለን አለኝ። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል የጨረሰው ታናሽ ወንድሜም እዚያ ኢንጂነሪንግ መማር ስለሚፈልግ ለሁለታችንም ልከፍል ነው። ቀጠሮው ዓርብ ነው። ልክፈል?»

እህቴ፣ ለራስሽ አትክፈይ። ለወንድምሽም እዚያ ቤት አትክፈይለት። ከአንድ ቤት ብትወጡም የምታንኳኩት በር የተለያየ ነው። አንቺን ዕብራይስጥ ቻይ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም ማለት ይቻላል። ወንድምሽን ግን አጥብቀው ይጠይቁታል፤ የሚጠይቁትም በ3 ወር በሚገኝ ወረቀት የሚመለስ ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ያንቺን እንጨርስ፤ አጭር ነው። በእስራኤል የማስተርስና የዶክትሬት ትምህርት ሰፊ ክፍሉ፣ በተለይ በሳይንስ፣ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ለአንቺ ሙያ ደግሞ አገሩ የታወቀ ነው። የኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ ያለው ኢየሩሳሌም ሳይሆን ረሆቦት ከተማ ነው። እዚያ በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ዓለም አቀፍ የማስተርስ ፕሮግራሞች አሉ። ደቡብ፣ ኔጌቭ በረሃ ውስጥ፣ ስዴ ቦቄር በምትባል ቦታ፣ የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ የአልበርት ካትዝ ዓለም አቀፍ የበረሃ ጥናት ትምህርት ቤት አለ። ስለ ድርቅ፣ ስለ ውኃ፣ በደረቅ መሬት ስለሚበቅል ሰብል የሚማሩት እዚያ ነው፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነው። እዚያው ረሆቦት ያለው የቫይዝማን ተቋም ደግሞ የሚያስተምረው ከማስተርስ ጀምሮ ብቻ ነው፤ በእንግሊዝኛ፣ ያለ ትምህርት ክፍያ። መግባቱ ግን ቀላል እንዳይመስልሽ።

እነዚህ ቦታዎች የሚጠይቁሽ የእንግሊዝኛ ማስረጃ ነው። ቶፍል ወይም አይኤልትስ ማለት ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም ሐሮማያ የተማርሽው በእንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይበቃዋል፤ ሬጅስትራር ሄዶ ማጻፍ ነው። ለማሠልጠኛው ልትከፍይ ያሰብሽውን ገንዘብ ለአይኤልትስ አስቀምጪው።

የአጎትሽ ሚስት ግን አልዋሸችሽም። የነገረችሽ የራሷን መንገድ ነው። እሷ እ.ኤ.አ. በ1991 ስትገባ በዜግነት ነው የገባችው። እንደ እሷ ላሉ ገቢዎች ኡልፓን አለ፣ መኺና የሚሉት የዩኒቨርሲቲ መሰናዶ አለ፣ የትምህርት ክፍያ የሚረዳ ሚንሃል ሃስቱደንቲም የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። ነርስ ለመሆንም ዕብራይስጥ የግድ ነው፤ በሽተኛው የሚያቃስተው በዕብራይስጥ ነዋ። አንቺ ግን የምትሄጂው በኤ/2 የተማሪ ቪዛ ነው። ያ ድጋፍ ለአንቺ አይደርስም፤ ያ ግዴታም አይመለከትሽም። ዘመድ ውጭ አገር ሲኖር ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል። ምክሩ ከልብ ነው፣ መንገዱ ግን የሌላ ሰው ነው። (የኤ/2 ቪዛ በመሠረቱ የሥራ ፈቃድ አይደለም። «እዚያ ደርሼ እየሠራሁ እማራለሁ» የሚለውን ሐሳብ ከአሁኑ ተዪው፤ ስኮላርሺፑን እዚህ ሆነሽ ጨርሺ።)

አሁን ወደ ወንድምሽ።

የመጀመሪያ ዲግሪ እስራኤል ውስጥ በአብዛኛው በዕብራይስጥ ነው። ይህ የቆየ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ሃይፋ ላይ የዛሬው ቴክኒዮን፣ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው፣ ሊከፈት ሲል፣ ገንዘብ ካወጡት አንዱ የጀርመን አይሁዶች ማኅበር ሳይንሱ በጀርመንኛ ይሰጥ አለ። መምህራንና ተማሪዎች አድማ መቱ። ነገሩ «የቋንቋዎች ጦርነት» ተባለ፣ ዕብራይስጥም አሸነፈ። ወንድምሽ ኢንጂነሪንግ ሲል በልቡ ያለው ቴክኒዮን ከሆነ፣ የሚሄደው ቋንቋው በትግል ወደገባበት ግቢ ነው። በእንግሊዝኛ የሚሰጡ የመጀመሪያ ዲግሪዎች ጨርሶ የሉም ማለቴ አይደለም፤ ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲም፣ ሄርጽሊያ ያለው ራይክማንም አሏቸው። ዋጋቸው ግን በዕብራይስጥ ከሚሰጠው ብዙ ይወደዳል፣ የትምህርት ዓይነቱም ጥቂት ነው።

በዕብራይስጥ የሚገባ ከሆነ ሁለት ስሞችን ይልመድ። አንዱ ፕሲኮሜትሪ ነው። የመግቢያ ፈተናው ይህ ነው፤ ውጤቱ ከ200 እስከ 800 ይሰጣል፣ ቋንቋን፣ ሒሳብንና እንግሊዝኛን ይለካል። የሚያዘጋጀው ዩኒቨርሲቲዎቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ያቋቋሙት ብሔራዊ የፈተናና የምዘና ማዕከል ነው። ከዕብራይስጥ ሌላ በዓረብኛና በጥቂት ሌሎች ቋንቋዎችም ይሰጣል። አማርኛ የለበትም። ፕሲኮሜትሪን ከዕብራይስጥ ውጭ በሆነ ቋንቋ የሚፈተን ሰው ሁለተኛውን ፈተና ይወስዳል። ስሙ ያኤል ነው። ያኤል ዕብራይስጥ መቻልሽን ብቻ ይለካል፤ ውጤቱ ከ50 እስከ 150 ነው። ባዶ ቦታ ሙላ አለው፣ ያንኑ ሐሳብ በሌላ አነጋገር የያዘውን ዓረፍተ ነገር ምረጥ አለው፣ አንብቦ መረዳት አለው፣ ድርሰትም ያስጽፋል። ስንት ማምጣት እንዳለበት የሚወስነው የሚያመለክትበት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እንደ ትምህርት ክፍሉም ይለያያል። ትንሽ ያነሰውን ተቀብለው፣ ጎን ለጎን ዕብራይስጥ እየተማርክ ጨርስ የሚሉም አሉ።

ከያኤል ሌላ የኡልፓን ደረጃዎች አሉ። ስድስት ናቸው፤ አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል፣ ዳሌት፣ ሄ፣ ቫቭ። ዳዊት የደገመ ሰው እዚህ ጋ ፈገግ ይላል፤ በመዝሙር 118 ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ፣ ሄ፣ ዋው እያለ የሚወርደው ያው ነው። ስድስተኛውን የጨረሰ ሰው ከቋንቋው ግዴታ ነፃ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ኡልፓን አላቸው፤ በተለይ ክረምት ላይ፣ ትምህርት በጥቅምት ከመከፈቱ በፊት፣ የተፋፋመ ኮርስ ይሰጣሉ። ወደየትኛው ደረጃ እንደምትገቢ የሚወስኑትም ከውጭ ይዘሽ በመጣሽው ወረቀት ሳይሆን በራሳቸው መመደቢያ ፈተና ነው።

አሁን ያን ማሠልጠኛ በቁጥር እንየው። ለአዲስ ገቢዎች የሚሰጠው የተለመደው ኡልፓን በቀን አምስት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለአምስት ወር ነው። ወደ 500 ሰዓት ይጠጋል። ይህን ሁሉ የጨረሰ ሰው ገበያ ወጥቶ ያወራል፣ ቢሮ ገብቶ ጉዳዩን ያስረዳል፤ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ግን ገና ይቀረዋል። ያንቺ ማሠልጠኛ በሳምንት አራት ሰዓት ነው፤ በ12 ሳምንት 48 ሰዓት። ለቋንቋ መጀመሪያ ጥሩ ነው፤ አይከፋም። ችግሩ «ሁሉም ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለው ሰርተፍኬት» የሚለው ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ ልጅ ከዚህ በፊት ቢሮዬ መጥቷል። ማኅተሙ ሁለት፣ ዳርና ዳሩ በወርቅ ቀለም ያጌጠ። ደረጃው «የላቀ» ይላል። ስልኬን ከፍቼ አንድ የዕብራይስጥ ዜና ርዕስ ሰጠሁት። ሦስት ቃል ነበር። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለያቸው፤ ቃሉን ማንበብ ግን አልቻለም። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ያስተማሩት አናባቢው በነጥብ በተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ብቻ ነበር።

ወንድምሽ ከየትም ቢጀምር ዋናው መሰናክል ይህ ነው። የኛ ፊደል ደግ ነው፤ ለ ካለ ለ ነው፣ ሉ ካለ ሉ ነው። ዕብራይስጥ ለአዋቂ ሲጻፍ አናባቢውን ይተወዋል። ሳሜኽ፣ ፔ፣ ሬሽ ተብለው የተደረደሩ ሦስት ፊደሎች ሴፌር ተብለው ቢነበቡ መጽሐፍ ነው። ሳፋር ቢባሉ ቆጠረ፤ እህል ሰፈረ የምንለውን ይመስላል። ሳፓር ቢሆኑ ፀጉር አስተካካይ። የትኛው እንደሆነ የሚነግርሽ ዙሪያው ያለው ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ነጥቡን ትቶ ያንብብ። በእጅ የሚጻፈውን ፊደልም አብሮ ይማር፤ ከታተመው ጋር አይመሳሰልም፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ደግሞ በእሱ ነው።

በሌላ በኩል አማርኛ ተናጋሪ መሆኑ ትልቅ ስንቅ ነው። ሩሲያዊ ወይም ፈረንሳዊ አንድ ወር የሚፈጅበትን፣ ከሦስት ፊደል ሥር ቃል ማርባትን፣ እሱ ከእናቱ ጡት ጋር ጠጥቶታል። ቤት ባይት ነው፣ ዓይን ዓይን ነው፣ ሰማይ ሻማይም ነው፣ ልብ ሌቭ ነው፣ ሌሊት ላይላ ነው። ቤት ሲከራይ አከራዩን ባዓል ሃባይት ይሉታል፤ ባለቤት ማለት ነው፣ ያው ቃል ነው። የግዕዙን ፈትሐ የሚያውቅ ሰው የላቦራቶሪ ማቀዝቀዣ ላይ «ሎ ሊፍቶአሕ» የሚል ወረቀት ቢያይ አትክፈቱ ማለቱን ለመገመት አይቸገርም። ግን አይመን፤ ማር በዕብራይስጥ መራራ ማለት ነው። ሌላው ችግር ሆሄ ነው። እኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እያልን በአንድ ድምፅ እንደምናነብ፣ እነሱም አሌፍና ዓይንን፣ ሔትና ኻፍን፣ ቴትና ታቭን ሲናገሩ በአብዛኛው አይለዩም። ሲጽፉ ግን ይለያሉ፤ ስህተቱ ያኤል ድርሰት ላይ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። ጸሐይን በየትኛው ጸ፣ በየትኛው ሐ እንጻፍ ብለን የምንጨቃጨቀው ልማድ እዚያ ይጠቅመዋል።

እኔ ብሆን ወንድምሽን እንዲህ ነበር የምለው። ዘንድሮ አትቸኩል፤ አንድ ዓመት ስጠው። መጀመሪያ ስልክ ላይ በነፃ ካሉት መማሪያዎች ፊደሉንና የመጀመሪያውን ደረጃ ጨርስ። የያኤል ናሙና ፈተናዎች በማዕከሉ ድረ ገጽ ላይ አሉ፤ አንዱን አውጥተህ የትኛው ዓረፍተ ነገር እንዳልገባህ እየው። ከዚያ በኋላ ስለ ዩኒቨርሲቲ ኡልፓንና ስለ መሰናዶ ዓመት ክፍያ እናውራ። ወይም ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ የመጀመሪያ ዲግሪውን እዚሁ ይማር። ኢንጂነሪንግን አገር ውስጥ ጨርሶ በማስተርስ ቢሄድ ያንቺን በር ያገኛል። ይህን ስነግራቸው ብዙ ወጣቶች ፊታቸው ይጠቁራል፤ የሱም ይጠቁር ይሆናል። ሒሳቡን ግን አብረሽው አስይው፤ ሁለት ዓመት ቋንቋ ላይ ማሳለፍ ለአንዱ ጥሩ ነው፣ ለሌላው ኪሳራ ነው።

አንቺስ ጭራሽ አትማሪ ማለቴ ነው? አይደለም። ለማመልከቻው አያስፈልግሽም አልኩ እንጂ ለኑሮው ያስፈልግሻል። ላቦራቶሪ ውስጥ ስብሰባው በእንግሊዝኛ ይጀምራል፤ ቀልድ የመጣ ጊዜ ወደ ዕብራይስጥ ይዞራል፣ ሁሉም ይስቃል፣ አንቺ ሻይሽን ትጠጫለሽ። የአውቶቡሱም፣ የገበያውም፣ የኪራይ ውሉም ነገር እንደዚያው ነው። ቪዛሽን ካገኘሽ በኋላ ፊደሉን ቁጠሪ፤ ቀሪውን የአጎትሽ ሚስት ታስተምርሻለች። ከሷ የተሻለ ኡልፓን አታገኚም።

የዛሬ ሥራሽ አንድ ኢሜይል ነው። ረሆቦት ወይም ስዴ ቦቄር ካየሽው ፕሮግራም አንዱን መርጠሽ ለአስተባባሪው ሦስት ነገር ጠይቂ። ሁሉም ኮርሶች የሚሰጡት በእንግሊዝኛ ነው? የእንግሊዝኛ ማስረጃ ምን ትቀበላላችሁ፣ የዩኒቨርሲቲዬ ደብዳቤስ ይበቃል? አማካሪ ፕሮፌሰር ሳልይዝ ማመልከት እችላለሁ? ሦስተኛዋን እንዳትረሺ፤ የምርምር ማስተርስ ከሆነ ብዙ ቦታ አስቀድሞ ፕሮፌሰር መያዝ ያስፈልጋል፣ ከዕብራይስጥ ይልቅ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። እዚያ አገር ዓርብና ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው። ሐሙስ ማታ ከላክሽው የሚያዩት እሑድ ነው፣ የማሠልጠኛው ቀጠሮ ደግሞ ዓርብ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ላኪው፤ ለማሠልጠኛውም «መልስ እየጠበቅሁ ነው» በያቸው።