የአጎቴ ስም ከሟቾች ማውጫ ለምን ታጣ?

ጥያቄ፦ የአባቴ ታላቅ ወንድም በ1964 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቨርጂኒያ ውስጥ ማረፉን በሰው በሰው ሰምተን ለቅሶ ተቀመጥን እንጂ፣ የሞተበትን ቀንም ሆነ የተቀበረበትን ቦታ እስከ ዛሬ አላወቅንም። አሁን እኔም እዚሁ ስለምኖር የዘር ሐረጋችንን ለመጻፍ ተነሥቼ በኢንተርኔት ከሚገኘው የሟቾች ማውጫ ብፈልገው አጣሁት። አንድ ወዳጄ «መዝገቡ በሕግ ተዘግቷል» አለኝ። የሞተ ሰው ምን ምስጢር አለውና ይዘጋል? ሌላስ መንገድ ይኖራል?
አንድ አንባቢ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ወዳጅዎ የጠቀሱት ሕግ በእርግጥ አለ፤ የአጎትዎን ስም ያሳጣዎት ግን እርሱ አይመስለኝም።

ይህ ማውጫ የሚዘጋጀው የአሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ (የማኅበራዊ ዋስትና) መሥሪያ ቤት ከሚይዘው የሟቾች ዝርዝር ሲሆን፣ ለሕዝብ የተከፈተውም አንድ ግለሰብ በመረጃ ነጻነት ሕግ መሠረት ክስ ካቀረቡ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በተደረሰ ስምምነት ነው። ለሠላሳ ዓመታት ያህል የትውልድ ሐረግ አጥኚውም፣ ባንኩም፣ የጡረታ ድርጅቱም ሲጠቀሙበት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 ግን መሥሪያ ቤቱ ከግዛቶች የተቀበላቸውን የሞት መረጃዎች ለሕዝብ ማውጣት ሕጉ እንደማይፈቅድለት ገልጾ፣ በዝርዝሩ ከነበሩት 89 ሚሊዮን ያህል ስሞች ውስጥ 4.2 ሚሊዮን የሚሆኑትን አወጣቸው። የአጎትዎ ስም ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስሙ ከማውጫው መታጣቱ በዚያ አገር አለመሞታቸውን አያሳይም።

ወዳጅዎ የሰሙት ሕግ ከዚህ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 የወጣው ነው። ሌቦች የሟቾችን፣ በተለይም የሞቱ ሕፃናትን መለያ ቁጥር እየወሰዱ የግብር ተመላሽ ገንዘብ ይጠይቁ ስለነበር፣ አንድ ሰው ከሞተ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት መረጃውን ልዩ ፈቃድ ካለው በቀር ማንም እንዳያገኘው ተከለከለ። አጎትዎ ካረፉ ግን ከሦስት ዓመት እጅግ ስለሚበልጥ ክልከላው እርሳቸውን አይነካም። ልጁን ቀብሮ ሳይጽናና በልጁ ስም ሌላ ሰው ግብር እንዳስታወቀ ለሚሰማ ወላጅ ይህ ሕግ አይበዛበትም፤ ሦስት ዓመት መታገሥም ለዘር ሐረግ ጸሐፊ ከባድ አይደለም። ሆኖም የሟቾች ዝርዝር ዋና ጥቅሙ አንድ መለያ ቁጥር የሞተ ሰው ቁጥር መሆኑን ማሳወቁ ነውና፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ዝርዝሩን ቢያመሳክር ኖሮ ብዙው ማጭበርበር ከበሩ ይመለስ ነበር። ከጦር ሜዳ ለተገኘ የወታደር አፅም ዘመድ የሚያፈላልጉ ባለሙያዎችም የሚሠሩት በእንዲህ ያለ መዝገብ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግዛቶች እንዲከተሉት የሚዘጋጀው አርአያ ሕግ ነው። ቀድሞ የሞት መዝገብ ከ50 ዓመት በኋላ ለሕዝብ ይከፈት ይል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሻሻል ጊዜውን ወደ 75 ዓመት አራዘመው። ያን ያህል ጊዜ ሲቆጠር የሟቹን መልክ የሚያስታውስ የልጅ ልጅ እንኳ ላይተርፍ ይችላል። ደግነቱ አርአያ ሕጉ አያስገድድም፤ እርስዎ የሚኖሩበት ቨርጂኒያማ እ.ኤ.አ. በ2012 ተቃራኒውን አድርጎ 50 የነበረውን ወደ 25 ዓመት አውርዶታል። አጎትዎ ያረፉት እርስዎ ባሉት ዘመን ከሆነ 25 ዓመቱ አልፏልና ሰነዱ ተከፍቷል ማለት ነው።

ስለዚህ ፍለጋዎን ከግዛቱ የሞት ምስክር ወረቀት ይጀምሩ፤ የወላጆች ስም፣ የትውልድ ቦታና የቀብር ስፍራ የሚጻፈው በእርሱ ላይ ነው። ሲፈልጉ ግን የእኛን ስም አጻጻፍ አይርሱ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይያዛል፤ አንዳንዴ የአያት ስም ቦታውን ይወስዳል፤ ኃይለ ማርያም ለሁለት ተከፍሎ «ማርያም» ብቻውን የአባት ስም ሆኖ ይገኛል፤ ፀጋዬ በላቲን ፊደል ሲጻፍ መነሻው ሦስትና አራት ዓይነት ነው። ሁሉንም አጻጻፍ፣ ስሙን ከአባት ስም እያቀያየሩም ጭምር ይሞክሩ።

ሁለተኛው ሰነድ አጎትዎ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለማውጣት በእጃቸው የሞሉት ማመልከቻ ነው። የእናታቸውን ሙሉ ስም ጭምር ስለሚይዝ፣ በአባት በኩል ሰባት ቤት ቆጥረን በእናት በኩል ሁለተኛው ላይ ለምንቆም ሰዎች ትልቅ ሀብት ነው። መሥሪያ ቤቱ የሟችን ማመልከቻ ቅጂ በክፍያ ይሰጣል፤ የወላጆቹን ስም ግን ወላጆቹ መሞታቸው ካልተረጋገጠ በጥቁር ቀለም ይሸፍነዋል። እኛ የምንቸገረው እዚህ ላይ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ክብር መዝገብ (ልደት፣ ጋብቻና ሞት ስለሚመዘገብበት መዝገብ) ቢደነግግም፣ በአንቀጽ 3361 ሥራ ላይ የሚውልበትን ቀን ለሌላ ጊዜ አስተላለፈው፤ አገር አቀፉ ምዝገባ የተጀመረውም ገና በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ላረፉት አያቶችዎ የሞት ምስክር ወረቀት ከየት ይመጣል? የዕድር መዝገብና የቤተ ክርስቲያን ማስታወሻ ቢገኝም በመሥሪያ ቤቱ ዘንድ ተቀባይነቱ አጠራጣሪ ነው። ነገር ግን ወላጆቹ ከተወለዱ ከ120 ዓመት በላይ ከሆነ፣ ወይም ማመልከቻውን የሞላው ሰው ራሱ ከተወለደ 100 ዓመት ካለፈው፣ የሞት ማስረጃ አይጠየቅም። ስለዚህ ማመልከቻውን ከማስገባትዎ በፊት፣ አያቶችዎ በማን ዘመን እንደተወለዱ የቤተሰቡን ሽማግሌዎች ጠይቀው ያስሉ።