አረፋውን ከማመናችሁ በፊት

በአዳማ ላቦራቶሪዎች ለምትሠሩ ልጆቼ፣

ድፍድፍ ነዳጅን ከአሸዋ የሚያስለቅቅ ሰርፋክታንት (ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር) የሚያመርት ባክቴሪያ ለምትፈልጉ ምክሬ ይህ ነው፤ አረፋ ማየት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከተማችን የከባድ መኪና መተላለፊያ ናት፤ የተቃጠለ ዘይት የጠጣ የጋራዥ አፈር ሩቅ ሄዳችሁ አትፈልጉም። ዘይት የለመደ ባክቴሪያ እዚያው አለ። የሚያመነጨው ሰርፋክታንት በዘይትና በውኃ መካከል ያለውን ውጥረት ስለሚያላላ፣ በአሸዋ ቀዳዳዎች ውስጥ ተይዞ በውኃ ብቻ እምቢ ያለው ድፍድፍ ነዳጅ ይንቀሳቀሳል። ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመርተው ሰርፋክታንት፣ ሰርፋክቲን፣ የውኃን የገጽ ውጥረት ከ72 ወደ 27 ሚሊ ኒውተን በሜትር ገደማ ያወርዳል። ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለው ባክቴሪያም ጎበዝ ነው፤ ግን በሽታ ስለሚያመጣ ለጀማሪ አልመክረውም።

ከአፈሩ የለያችሁት ባክቴሪያ አየር ይፈልጋልና በ250 ሚሊ ሊትር ፍላስክ ከ50 ሚሊ ሊትር በላይ ምግብ (ባክቴሪያው የሚያድግበትን ፈሳሽ) አትሙሉ። በ30 ዲግሪ፣ በደቂቃ 150 ዙር፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይናወጥ። አረፋው የጥጥ ክዳኑን ካረጠበው ለብክለት በር ተከፈተ።

አውቶክሌቩን (ምግቡንና ዕቃውን በእንፋሎት ግፊት ከተሕዋስያን የሚያጸዳውን ማሽን) አደራ። አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ውስጡ 118 ዲግሪ ገደማ እንጂ 121 አይሆንም። ወደ 18 አስጠጉት፤ ማሽኑ ይህን ግፊት የማይፈቅድ ከሆነ ጊዜውን አርዝሙ። አለዚያ የባሲለስ ስፖር (ሙቀት የሚቋቋም የባክቴሪያው ዘር) ይተርፍና ንጹሕ ያላችሁት፣ ባክቴሪያ ያልጨመራችሁበት ማነጻጸሪያ ራሱ ሰርፋክታንት ሲያመርት ይገኛል።

ለፍተሻ፣ ፔትሪ ሳህን ላይ 50 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውኃ አድርጉ፤ 20 ማይክሮ ሊትር ድፍድፍ አንጥፉበት፤ በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ በሚለይ ማሽን) ከጠለለው የባክቴሪያ ፈሳሽ መሐሉ ላይ 10 ማይክሮ ሊትር ጣሉ። ዘይቱ ሸሽቶ ጥርት ያለ ክብ ከተወ ጥሩ ምልክት ነው። ባክቴሪያ ያልገባበትን ምግብም ጎን ለጎን ፈትሹ፤ ከወንጂ የምታመጡት ሞላሰስ ርካሽ ቢሆንም በራሱ ውጥረቱን በመጠኑ ያወርዳል። በኦሞ ታጥቦ በደንብ ያልተለቀለቀ ብርጭቆም እንዲሁ ያታልላል።

ቀጥሎ አሸዋ የታጨቀበት ቱቦ ነው፤ እኔ ከሁሉም ይልቅ የማምነው እሱን ነው። ሁለት ቱቦ አዘጋጁ። አሸዋውን በውኃ፣ ከዚያ በዘይት አጥግቡ፤ ዘይት መውጣቱ እስኪያቆም በውኃ እጠቡ። አንዱን በሰርፋክታንቱ፣ ሌላውን ባክቴሪያ ባልገባበት ምግብ ሞልታችሁ 24 ሰዓት አቆዩና እንደገና በውኃ ግፉ። የሚወጣውን ወተት መሰል ድብልቅ ሁሉ ዘይት ብላችሁ አትቁጠሩ፤ ብዙው ውኃ ሊሆን ይችላል። ዘይቱን በሄክሴን (ዘይት በሚያሟሟ ፈሳሽ) ለዩት፤ ሄክሴኑን ከእሳት አርቃችሁ፣ ጭስ በሚስብ ሳጥን ውስጥ እንዲተን አድርጉና የቀረውን መዝኑ።