በምግብ መጋዘን ውስጥ ስለ ካተርና ቢላ አያያዝ፦ ጥያቄና መልስ

በምግብ ማከማቻና ማከፋፈያ መጋዘኖች የሚሠሩ ባልደረቦች ስለታም መሣሪያዎችን በተመለከተ ላቀረቧቸው ጥያቄዎች እንደሚከተለው መልስ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ምላጩ ሲዶለዱም ጫፉ እየተሰበረ የሚታደሰው ካተር ርካሽና በየሱቁ የሚገኝ ሆኖ ሳለ ለምን ይከለከላል?

መልስ፦ ምላጩ በሰያፍ ጭረቶች የተከፋፈለው በቀላሉ እንዲሰበር ታስቦ ስለሆነ፣ ሠራተኛው ወፍራም ካርቶን ላይ ጫን ብሎ ወደ ጎን ሲያጣምመው ሳይፈለግም ይሰበራል። ቢአርሲጂኤስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደኅንነት ደረጃ ይህን ዓይነት ካተር በግልጽ ይከለክላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም፣ ያለ ተጨማሪ ዝግጅት በሚበላ ምግብ ውስጥ ከ7 እስከ 25 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ጠንካራ ወይም ስለታም ባዕድ ነገር ሲገኝ እርምጃ የሚወስድበት መመሪያ አለው። የተለመዱት ካተሮች ምላጭ ስፋቱ 9 ወይም 18 ሚሊሜትር ስለሆነ ስባሪው ከዚሁ ልክ ውስጥ ይወድቃል ማለት ነው። በምትኩ ወጥ ምላጭ ያለውን፣ እጅ ሲለቀው ራሱ ወደ ውስጥ የሚመለሰውን መግዛት ይሻላል፤ ለካርቶን ማሸጊያ ፕላስተርና በፓሌት (ዕቃ ተደርድሮ በሚነሣበት መደብ) ላይ ለሚጠመጠም ላስቲክ ብቻ ከሆነ ደግሞ ምላጩ በመያዣው ውስጥ የተደበቀው ይበቃል።

ጥያቄ፦ ካተሮችን በመዝገብ መቆጣጠር በተግባር እንዴት ይቻላል?

መልስ፦ በእያንዳንዱ መያዣ ላይ የማይጠፋ ቁጥር ይቀረጽበት፤ ሠራተኛው በፈረቃው መጀመሪያ ፈርሞ ይረከብ፣ ሲመልስም ተቀባዩ የምላጩን ጫፍ በዓይኑ አይቶ ይፈርም። አዲስ ምላጭ የሚሰጠው አሮጌው በእጅ ሲገባ ብቻ ነው። ከቤት የመጣ ቢላ አይፈቀድም። የወሩ ገጽ በሙሉ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ ጽሕፈት ተሞልቶ ካየሁ ግን ያንን መዝገብ አላምነውም።

ጥያቄ፦ መኪናው ሊጫን ሲል የአንድ ካተር ጫፍ እንደጎደለ ታወቀ። ምን ይደረግ?

መልስ፦ ጭነቱ ይቁም። ወለሉም ወዲያው አይጠረግ፤ ጥርጊያው ስባሪውን ከወደቀበት ያርቀዋልና። የተገኙትን ቁርጥራጮች በነጭ ወረቀት ላይ ገጣጥሞ ምላጩ ሙሉ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ካልሞላ፣ ምላጩ ለመጨረሻ ጊዜ ሙሉ ሆኖ ከታየበት ሰዓት ወዲህ በዚያ ካተር የተከፈተና በአካባቢው የነበረ ዕቃ ሁሉ ተለይቶ ምልክት ተደርጎበት ይቀመጥ። ምርመራው በፈረቃው መጨረሻ ብቻ የሚካሄድ ከሆነ የሚታገደው የሙሉ ቀን ሥራ ይሆናል፤ ከእያንዳንዱ ፓሌት በኋላ ጫፉን ማየት የለመደ መጋዘን ግን የሚያግደው አንድ ፓሌት ብቻ ነው። ዕቃው እንዲወጣ የሚፈቅደው የጥራት ኃላፊው እንጂ የቸኮለው ሹፌር ወይም የሽያጭ ክፍሉ አይደለም። አስቀድሞ የወጣ ካለ ለተረካቢው ስልክ ተደውሎ ይነገረው፣ በጽሑፍም ይረጋገጥ።

ጥያቄ፦ የብረት መፈተሻ መሣሪያ ብንገዛ ይህ ሁሉ አይቀርም?

መልስ፦ አይቀርም። ትልቅ ጆንያ የሚያሳልፍ ሰፊ መሣሪያ ትንንሽ ብረት የመለየት አቅሙ ዝቅ ያለ ነው፤ አይዝጌ ብረትም ከተራው ብረት ይልቅ ለመለየት ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ የዱቄት ጆንያ በቢላ መቅደድ የተለመደ ነው። ሌላ መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ፣ ይልቁንም ቢላ ባያስፈልግ ይመረጣል። የጆንያ አፍ የሚሰፋው አብዛኛውን ጊዜ በሰንሰለት ስፌት ስለሆነ፣ ስፌቱ ካለቀበት ጫፍ ክሩን ፈትተው ቢስቡት እስከ ዳር ይተረተራል፤ ከሌላው ጫፍ ቢስቡት ግን ይብሱን ይጠብቃል። ለቋጠሮው ጫፉ ደንደን ያለ መቀስ ይበቃል። የወጣው ክር ወደ ቆሻሻ መጣያ እንጂ ወደ ወለሉ አይጣል።

ጥያቄ፦ ሠራተኛ እጁን ቢቆረጥስ?

መልስ፦ ሠራተኛው ከምግቡ ይራቅ፣ ቁስሉ ታጥቦ በሰማያዊ ፕላስተር ይሸፈን፤ ሰማያዊ ምግብ ብዙም ስለሌለ ፕላስተሩ ቢወድቅ በቀላሉ ይታያል። ቁስሉ ጥልቅ ወይም የቆሸሸ ከሆነ ስለ ቴታነስ ክትባት ጤና ባለሙያ ይጠየቅ። ደም የነካው ካርቶንና ምግብ ተለይቶ ይወገድ፣ ካተሩም ታጥቦና ምላጩ ተቀይሮ ካልሆነ ወደ ሥራ አይመለስ።